አስፋው

ሰውየው ሜትሩን የዘረጋው ልጅቷ ጥርሷን እየቦረሸች ሳለች ነው። አፏ አረፋ እንደሞላ ከጓሮው ቧንቧ ስትመለስ የክፍሏ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የማታውቀው ሰው በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ከአልጋዋ ራስጌ እስከ መስኮቱ ይለካል፤ የአጎቷ ሚስት ደግሞ የሜትሩን ጫፍ በአውራ ጣቷ ግድግዳው ላይ ተጭና ይዛለታለች። ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች። ለመናገር መጀመሪያ መትፋት ነበረባት፤ ለመትፋት ወደ ቧንቧው መመለስ ነበረባት፤ ስለዚህ ዝም አለች። «ሦስት ሜትር ከሩብ» አለ ሰውየው ለራሱ። ቀና ሲል አያትና እንደ ዱሮ ጎረቤት «እንደምን አደርሽ እህቴ» ብሏት ከልብስ መስቀያዋ እስከ ጣሪያው ያለውን ክፍተት መለካቱን ቀጠለ።

ከወሬያቸው እንደገባት ሰውየው መድኃኒት ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነው፤ የሚኖረው ብቻውን ነው፤ አልጋው ግን ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ነው። «ብቻህን ተኝተህበት ጠዋት ራስህን ፈልገህ ታገኛለህ?» አለችው የአጎቷ ሚስት። «አልጋውን አስቀድሜ ገዛሁት» አለ ሰውየው፣ ቀልዱን ቀልድም አላለው፤ «ሴትየዋ ስትመጣ ቦታ እንዳይቸግራት ብዬ።» «ማናት ሴትየዋ?» «እሷ ገና አልታወቀችም።» የአጎቷ ሚስት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ቶሎ ሰብስባ «እንግዲህ ኪራዩ የክፍሉ ነው፤ ብትንከባለልበትም ጥግ ይዘህ ብትኮራመትም ያው ሙሉውን ነው» አለችው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ አረፋውን ዋጠችው።

ሰውየው ማታ ቀብድ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሲወጣ የአጎቷ ሚስት እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ሜትሩ ያቆሸሻት ይመስል። «ምን ላድርግ ትያለሽ» አለች ልጅቷን ሳታይ። «ያ የኮምፒውተሩ ነገር የበላውን አንድ ነገር መመለስ አለበት። ክፍልሽ ይመልሰው።»

«እኔስ?»

«ኮሪደሩ ምን አለው።»

ልጅቷ ዞር ብላ ኮሪደሩን አየችው። ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ግድግዳው ላይ የሚለጠፍበት ኮሪደር ነው። የአጎቷ ጎረምሳ የወንድም ልጆች አንዴ ሶፋ ሊያሳልፉበት ሞክረው ሶፋው መሀል ላይ ተወትፎ፣ ቤተሰቡ ለሳምንት ያህል ወደ መኝታ የሚሄደው በሶፋው ላይ እየተሻገረ እንደነበር ዛሬም ይወራል። «ዛሬ ብመልሰውስ እትዬ?» አለች። «ሂሳቡን ወደ ነበረበት ብመልሰው?»

«ከመለስሽውማ እኔ ምን በወጣኝ የማላውቀውን ወንድ ቤቴ አስገባለሁ። እስከ ማታ መልሺው፤ ደውዬ እተወዋለሁ።»

ይኸው ነበር የቀኑ ሥራዋ። ሃያ ስምንት ዓመት ሆኗት እንኳ በዚያ ቤት ስሟ «ልጅቷ» ነው፤ ያላት ነገር ቢቆጠር ያቺ ክፍል ናት፤ ክፍሏም ቢሆን የእሷ የምትሆነው በሩ ሲዘጋ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የመጣው ከአንዲት ቃል ነው። አጎቷ ፎቶ ቤት አለው፤ ፎቶ ቤት ይባል እንጂ ፎቶ ሊነሳ የሚመጣ ሰው ከጠፋ ቆይቷል፤ የሚያኖራቸው የሰርግ ቪዲዮ ነው። እሱ ይቀርጻል፤ ልጅቷ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ሙዚቃ ታለብሳለች። ሰርግ ደግሞ ቦታ ይበላል። የአንድ የሙሽራ አባት ንግግር ብቻ ሃያ ጊጋ ወስዷል፤ ንግግሩ ሲጀመር ሙሽራዋ ሙሽራ ነበረች፤ ሲያልቅ አራስ ልትሆን ምንም አልቀራትም። ይህን ሁሉ የሚያስቀምጡት ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ በተከራዩት ዲስክ ነው። አጎቷ አንድ ቀን ክላውድ ማለት ደመና ማለት ነው ብሎ ለሚስቱ ተርጉሞላት ነበርና፣ እሷ «ዝናብ ሲመጣ የሰው ሰርግ ጣሪያችን ላይ ይፈሳል» እያለች ትቀልዳለች፤ እየቀለደችም ግን ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ቀና ማለቷ አይቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ የአንድ ሰርግ ቀረጻ እየጫነች ሳለ ዲስኩ ጢም ብሎ ሞላ። አጎቷ አዳራሽ ውስጥ ካሜራ ተሸክሞ ነበር። «ዲስኩ ሞላ። ምን ይሻላል?» ብላ ጻፈችለት። መልሱ ቶሎ መጣ። «አስፋው» ይላል። በቃ። ነጥብ የለው፣ ቁጥር የለው። እሷም ገጹን ከፈተች። ገጹ ላይ በጣት የምትጎተት አንዲት ምልክት አለች፤ ወደ ቀኝ ሲስቧት ዲስኩ ይሰፋል፣ ሥር ያለው ዋጋም አብሮ ይወፍራል። ከሰፋ አይቀር ብላ ከነበረው አምስት እጥፍ አደረሰችው። ዋጋው ስንት ሰርግ ተቀመጠ ብሎ አይጠይቅም፤ ስንት ቦታ ያዝክ ብሎ ነው የሚጠይቅ። ኮንትራታቸው የዓመት ስለሆነና ዓመቱ ገና ግማሹም ስላልሄደ ደግሞ፣ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ያለው ልዩነት በአንድ ጊዜ ከአጎቷ ካርድ ላይ ተቦጨቀ። የካርዱ መልእክት የሚገባው ግን በሚስቱ ስልክ ነው። በዚያ ቤት ገንዘብ ሲወጣ የሚጮኸው የእሷ ቦርሳ ነው።

አጎቷ ማታ ሲገባ ሚስቱ ስልኩን እንደ ሐኪም ውጤት ዘርግታ ጠበቀችው። አየው፤ ዋጠው፤ ከዚያ «እኔ እኮ አስፋውን ጥሪው ነው ያልኳት» አለ። አስፋው የሚባል ሰውም አለና። ከፎቶ ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ ከጫማ ጠጋኙ ጎን የተወሸቀ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ ሲሉት «ሚሞሪውን አስፋው» ይላል፤ ስልኬ ሞላ ሲሉት «አስፋው»፤ አንድ ወፍራም ነጋዴ ሆዴን ይነፋኛል ቢለው ወደ ቀበቶው አይቶ «አስፋው» አለው። እንግዲህ ስሙ በዚያው ቀረ። እናቱ ያወጣችለትን ስም መታወቂያውን አውጥቶ ካላነበበ እሱም አያስታውሰው ይባላል። ልጅቷ ስልኳን ይዛ መልእክቱን ለአጎቷ አሳየችው። መነጽሩን አድርጎ እንደ ዳኛ አነበበው። «አንቺ ሴት አይደለሽ እንዴ?» አላት። «ላንቺ ብዬው ቢሆን ‹አስፊው› እል አልነበር? ‹ፋ› ነው የሚለው። ወንድ ነው። የሰው ስም ነው።» ሚስቱ ስልኩን ተቀብላ አቀረበችው፣ አራቀችው። ‹ፋ› ነው። ክርክሩ በአንዲት ፊደል ተዘጋ።

ነገር ግን አጎቷ ልጅቷን አንቺ ብሏት አያውቅም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ና ጎበዝ»፣ «በላህ ወይ ጎበዝ»፣ «ካሜራውን አንሳና ተከተለኝ» ነው የሚላት፤ እንግዳ ሰው ሲሰማ ወንድ ልጅ ፈልጎ ዞር ዞር ይላል። አንቺ ያላት የዚያን ዕለት ማታ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ወዲህም ወደ «አንተ» አልተመለሰም። ሚስቱም ይህን ታውቃለች፤ ሰው ሲቆጣ ግን የሚያውቀውን ሁሉ አያስታውስም፤ በተለይ ቁጥሩ ፊቱ ላይ ተደቅኖ። ልጅቷ «ሁልጊዜ አንተ ትለኝ የለ ጋሼ» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ ማስረጃ አድርገው ሲያወጡት ወዲያው ይበላሻል። ተወችው።

ዛሬ ከቤት ወጥታ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሻይ ጠጣች። የሻይ ዋጋ አልጨመረም፤ ብርጭቆው ግን ካለፈው ወር አንሷል፤ ሻይ ሻጯ ብርጭቆዎቹን ከየት እንደምታመጣቸው እንጃ፣ በዚህ አያያዝ ከርሞ ደንበኞቿን በጠርሙስ ክዳን ነው የምታጠጣቸው። አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ሄደች። አንድ ሽማግሌ ከአፍ እስከ ገደፉ የሞላ ቦርሳ ለራሱ ወንበር ይዞለት ተቀምጦ ነበር፤ ትኬት ቆራጩ «የማን ነው ይኼ?» ቢል «የኔ ነው፣ ከፍዬበታለሁ» አለ፤ እውነትም ሁለት ትኬት አወጣ። ማንም አልሳቀም። ልጅቷ በመስኮቱ የሚያልፉትን ቤቶች እያየች ስለ ምንም አላሰበችም። ከቅዳሜ ወዲህ እንዲህ ነው፤ ውስጧ ያለ ነገር ድምፁ ተዘግቶ ምስሉ ብቻ የሚሄድ ቪዲዮ ሆኗል።

ፎቶ ቤቱ ስትደርስ አጎቷ ባትሪዎቹን ከቻርጀር እየነቀለ ወደ ቦርሳው ይከታል። ባትሪ ሲነቅል እሷ ቦርሳውን ከፍታ ትይዝለት ነበር፤ ዛሬ በጉልበቱ መሀል አጥብቆት ራሱ ይከታል። መብራቱን አበራች። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሙሽሮች ሁሉ ጥርሳቸውን አሳዩአት። «ጋሼ፣ ጠዋት ሰው መጥቶ ክፍሉን ለካ» አለች። አጎቷ አንዱን ባትሪ ገልብጦ አየው። «እሷን አነጋግሪ» አለ። «የቤቱን ነገር እኔ አላውቅም።» ቀጥሎ የሚል ነገር ያለው ይመስል አፉን ከፈተ፤ ያወጣው ግን «ቁልፉ መሳቢያው ውስጥ ነው» የሚል ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሁለቱም እያዩት ነበር። ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። የትኛው አዳራሽ እንደሚሄድ አልነገራትም፤ ዱሮ መንገዱን ሳይቀር ይነግራት ነበር።

ልጅቷ መስኮቱን ከፍታ ወደ ላይ ጠራች። አስፋው ግማሽ ዳቦ በአፉ፣ መፍቻ በጆሮው ላይ ሰክቶ ወረደ። ወንበሩን ገልብጦ ተቀመጠና «እሺ እህቴ፣ ምኑን ላስፋው?» አላት።

«አሳንሰው።»

«እሱን ቃል አልተማርኩትም።» ስክሪኑን አየ፤ ዳቦውን ከአፉ አወጣ። «አቤት፣ አቤት። ይኼን ማን ዘረጋው? እዚህ ውስጥ እኮ ሀገር ሙሉ ሰው ቢዳር ይበቃል።»

«እኔ ነኝ። መልሰው።»

አስፋው የማሳነሻ ቁጥር ጻፈ። ገጹ ቀይ ሆነ። ሌላ ጻፈ፤ ቀይ። «አየሽ፣ ይኼ ነገር እንደ ሚስቴ እናት ነው» አላት። «ለሁለት ቀን ብላ መጣች፤ ሳሎኑን ያዘች፤ ቀጥሎ መኝታ ቤቱን ያዘች፤ አሁን እኔ የምተኛው ከዶሮዎቹ ጋር ተመካክሬ ነው። ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አታውቅም። ዲስክም ይሰፋል እንጂ አይጠብም።»

«ውስጡ ያለውን ባጠፋውስ? ባዶ ባደርገውስ?»

«ባዶም ብታደርጊው ሂሳቡ ያው ነው። ለያዝሽው ቦታ ነው የምትከፍዪው። ቤት ተከራይተሽ ዕቃሽን ብታወጪ አከራይሽ ‹ለአልጋዋ የሚሆነውን ቀንሼልሻለሁ› ይልሻል?»

ልጅቷ ስክሪኑን ብቻ አየች። ቀልዱ ያልያዘ መስሎት ሌላ ሊጨምር ሲል «ቅዳሜ ዕለት አጎቴ ጠርቶህ ነበር?» አለችው።

«አጎትሽ? በምን? ስልኬም ያለው አይመስለኝም። ሲፈልገኝ በዚህ መስኮት ነው የሚያፏጭልኝ። ቅዳሜ ያፏጨ የለም።» መፍቻውን ከጆሮው አውርዶ አፍንጫውን አከከበት። «ምን ሆነ?»

«ምንም።»

አስፋው ብዙ የሚያወራ ሰው ነው፤ ሲያዩት የማያስተውል ይመስላል። አሁን ግን ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። መንገድስ አለ አላት። አሮጌውን ማጥበብ አይቻልም፤ በጎኑ ግን አዲስ ትንሽ ዲስክ መግዛት ይቻላል። ከትልቁ ወደ ትንሹ ይገለበጣል፤ ሁሉም በትክክል መድረሱ ይታያል፤ ከዚያ ትልቁ ይመለሳል፤ ያልተበላበት ወር ገንዘብ ወደ ካርዱ ይገባል። እስኪገለበጥ ድረስ የሁለቱም ይከፈላል፤ ግን የሰዓታት ነገር ነው፣ የአንድ ምሳ ያህል ነው። «አንድ ነገር ብቻ» አላት፤ «ትንሹ ውስጥ እንዲገባልሽ መቀነስ አለብሽ። ከቅዳሜ ወዲህ ብዙ ጨምረሻል።»

የምታጠፋው ነበራት። ፎቶ ቤቱ ደንብ አለው፤ ሙሽሮቹ ያለቀለትን ቪዲዮ ከወሰዱ በኋላ ያልተቆረጠው ቀረጻ መጥፋት ይችላል፤ በር ላይም ተለጥፏል፣ ማንም አያነበውም እንጂ። ልጅቷ ግን አጥፍታ አታውቅም ነበር። አንድ በአንድ እየከፈተች የተወሰደ መሆኑን እያየች ታጠፋ ጀመር። ፎቶ ሲነሱ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያስነጠሰው ሙሽራ ጠፋ፤ በዚያ ሰርግ ላይ ከሚዜዎቹ አንዱ በየማስነጠሱ «ይማርህ» ሲል ድምፁ ተዘግቶ ነው ወደ ቤቱ የገባው። ኬኩን ሲቆርጡ ቢላዋው እዚያው ተቀርቅሮ የቀረበት ጠፋ። ወንበር ሥር ተደብቀው የሚበሉ ሕፃናት፣ አዳራሹ ባዶ ሆኖ የሚጠርጉ ሴቶች፣ ካሜራው መሬት ተቀምጦ ሳይጠፋ ቀርቶ የአጎቷን ጫማ ብቻ የቀረጸው ግማሽ ሰዓት። በዚያኛው ውስጥ ድምፁ ይሰማል፤ «ጎበዝ፣ ውሃ ጠጣህ? ጠጣ እንጂ፣ ፊትህ ገርጥቷል» ይላል። እንደገና አልሰማችውም። አጠፋችው። አስፋው ከጀርባዋ ሆኖ «አይዞሽ፣ እነሱም ተፋትተዋል» አላት፤ ስለ የትኞቹ እንደሚያወራ ግን እንጃ።

ግልበጣው ሲጀመር ስክሪኑ ላይ አንዲት ሰማያዊ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ መሄድ ጀመረች። አስፋው ወደ ጫማ ጠጋኙ ጎን ተመለሰ፤ በየመሀሉ በደረጃው ብቅ እያለ «የት ደረሰች?» ይላል፣ ሚስቱ ምጥ ላይ ያለች ይመስል። ልጅቷ ከሱቅ ያመጣችውን ዳቦ ስክሪኑ ፊት ቆረሰች። ሁለት ደንበኞች መጡ። አንዷ የእህቷን ሰርግ ቪዲዮ ውስጥ እሷ የምትታይበት ቦታ ይጨመር ብላ ተከራከረች፤ እህቷ ይቀነስ ብላ ሄዳ ነበር። ሌላው ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሳ መጥቶ ፊቱን ሲያይ ሐሳቡን ለወጠ። ከሰዓት በኋላ መስመሯ ጫፍ ደረሰች። አስፋው ወርዶ ቁጥሩን ከዚያኛውም ከዚህኛውም አመሳከረ፤ ከዚያ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። «ትልቁን መመለሱን አንቺ ተጫኚ» አላት። «እኔ ማስፋት ነው የለመድኩት፣ እጄ ይያዛል።» ገጹ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ እርግጠኛ ናት። ተጫነች። ጥቂት ቆይቶ ገንዘቡ ወደ ካርዱ እንደሚመለስ የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ። በዚያ ቤት አንድ ቦርሳ እንደጮኸ አወቀች።

በመመለሻው መንገድ ደስታ ትጠብቅ ነበር። ሰው የጠፋበትን ነገር ሲያገኝ የሚሰማው ዓይነት ነገር። አልመጣም፤ እግሯ ብቻ ከወትሮው ፈጠን አለ። ሰፈሯ ስትደርስ በሩ ላይ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ሁለት ሰዎች የአልጋ ጎን ተሸክመው «ዝቅ አድርገው፣ አንተ ዝቅ!» እየተባባሉ ይገባሉ። የእሷ ፍራሽ ኮሪደሩ ውስጥ በጎኑ ቆሞ ግድግዳውን ተደግፏል፤ ላዩ ላይ ልብሶቿ በአንሶላ ተቋጥረው ተቀምጠዋል፤ ቋጠሮው በጣም ሥርዓት ያለው ነበር፣ የአጎቷ ሚስት ስታፍር ነገር ሁሉ አሳምራ ነው የምታጥፈው። ልጅቷ ፍራሹን ታክካ በጎኗ አለፈች።

የአጎቷ ሚስት ሾርባ እያማሰለች ነበር። «ገንዘቡ ገባ፤ አየሁት» አለች ወደ ድስቱ። «ጎበዝ ነሽ። ግን ሰውየው መኪናውን ያገኘው ቀን ላይ ሆነበት። ደውሎ ለመነኝ። ቀብዱን ሲሰጠኝ ያንቺ መልእክት ገና አልገባም ነበር። ሰጠኝ፣ ተቀበልኩ፣ ምን ልበለው አሁን።» ማማሰያውን አንስታ ቀመሰች፤ ጨው ጨመረች፤ ጨው ጨምራበት እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ። «ቢበዛ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ነው።»

«እሺ» አለች ልጅቷ።

አጎቷ ሲገባ ፊቱ ፈክቶ ነበር፤ ከቅዳሜ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አልታየም። እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ፣ ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ነከረ። ከግድግዳው ወዲያ አልጋ ይገጠማል፤ መዶሻው ኳ ሲል ማንኪያዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሚስቱ ነገሩን ጥሩ ወሬ አድርጋ ልታቀርብለት ፈለገች መሰለኝ፣ «ልጅቷ እኮ መለሰችው» አለችው። «ዲስኩን። ወደ ዱሮው። ገንዘቡም ገባ።»

የነከረው ዳቦ መንገድ ላይ ቀረ። «ምን አደረገች?»

«አሳነሰችው። አሮጌውን መለሰች፣ ትንሽ ገዛች። ጠዋት ጀምራ ስትለፋ ውላ።»

አጎቷ ዳቦውን አስቀመጠ። ደም ፊቱ ላይ ወጣ። «የሰርግ አዳራሹን ባለቤት ምን ልለው ነው እኔ?» አለ። «የዓመት ሰርጉን በሙሉ እናስቀምጥልሃለን ብዬ ተዋውዬ፣ ቀብድ ተቀብዬ፣ ዛሬ እኮ የመጀመሪያዎቹን ይዤ መጣሁ! የት ላድርገው፣ ኪሴ ውስጥ? አስፋው አላልኩህም? ቅዳሜ ዕለት ቁልጭ አድርጌ አስፋው አላልኩህም አንተ?»

መዶሻው ኳ አለና ቆመ። አጎቷ አፉ እንደተከፈተ ልጅቷን አያት፤ ከዚያ የተናገረውን ቃል ወለሉ ላይ የወደቀ ይመስል ወደ ታች አየ። ሚስቱ ማንኪያዋን ከሳህኗ ጎን አጋደመች። ተራ በተራ አየቻቸው፤ መጀመሪያ ባሏን፣ ከዚያ ልጅቷን፣ ከዚያ በበሩ በኩል ኮሪደሩ ውስጥ የቆመውን ፍራሽ። ከፊቷ ላይ የተነበበ ነገር ቢኖር አንድ የረሳችው ሂሳብ ትዝ እንዳላት ሰው መሆኗ ነው።

«ስንት ተቀበልክ?» አለችው።

አጎቷ ውሃ ጠጣ። ብርጭቆው ባዶ ሆኖ እንኳ ትንሽ ጠጣበት።

«ከዚያ ሰውዬ። ስንት ተቀብለህ ነው ልጅቷ ላይ የጣልከው?»

«ላጫውትሽ ነበር» አለ።

ሚስቱ ዳግመኛ አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራት። ልጅቷ ሾርባዋን ቀጠለች። ጨው በዝቶበታል። የአጎቷ ሚስት ተነስታ ከድስቱ ትልልቁን ሥጋ ፈልጋ አወጣችና የልጅቷ ሳህን ውስጥ አስቀመጠች፤ ከዚያ ሌላ ጨመረች፤ ከዚያ ሌላ፤ ሳህኑ እስኪጨናነቅ ድረስ። አጎቷ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ ወደ አንድ ቦታ ሰበሰበ። ሰብስቦ ሲጨርስ፣ ዓይኑን ከፍርፋሪው ሳይነቅል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነገ… ነገ አስፊው» አላት።

በሩ ተንኳኳ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ እናት ናቸው፤ ልጃቸውን ሊያሰናዱት አብረው መጥተዋል፤ ቁመታቸው አጠር ብሎ ትራስ በሁለት እጃቸው ሲያቅፉ ከትራሱ በላይ የሚታየው ሻሻቸው ብቻ ነው። የአንሶላውን አንድ ጫፍ የሚይዝላቸው ሰው ፈልገው ነበር፤ ልጃቸው የመኪናውን ሰዎች ሊሸኝ ወጥቷል። ልጅቷ ከሁለቱ አንዳቸው ሳይነሱ ተነሳች።

ክፍሉ ውስጥ ከአልጋ በቀር ምንም አይታይም። በወርዱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሊሞላው ትንሽ ስለቀረው ለመዞር በጎን መሄድ ያስፈልጋል። አንሶላውን ዘረጉ፤ ሴትየዋ በዚያኛው፣ እሷ በዚህኛው ጫፍ። «ወዲያ በኩል ሳቢው ልጄ» አሏት፤ ሳበችው። በደረጃው ላይ የሰውየው ጫማ ተሰማ፤ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ልጅቷን ሲያይ ከእጁ ላይ የማይታይ አቧራ ማራገፍ ጀመረ።

«ደህና ክፍል ነው፤ ፀሐይም የሚገባበት ይመስላል» አሉ እናቱ፣ ትራሱን በጥፊ እያስተካከሉ። «ከዚህ በፊት ማን ነበር የሚኖርበት?»

«ማንም አልነበረም እናቴ» አለች ልጅቷ፣ የአንሶላውን ጠርዝ ፍራሹ ሥር እየከተተች። «ዕቃ ማስቀመጫ ነበር።»